ደመወዙን ከቆጠርን በትክክል እንቁጠረው

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎረቤታችን ጋሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ስልካቸውን ዘርግተው "ሲስተር፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ። ልጅቷን ጤና እንዳትገባ ልከልክላት እንዴ?" አሉኝ። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን እየጨረሰች ነው። በዚህ ሰሞን የትምህርት ክፍል ምርጫ ትሞላለች። እኔን የጠየቁኝ ነርስ ስለሆንኩ ነው።

ቡናው እስኪፈላ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጆቻችንን ነርሲንግም ሆነ ሌላ የጤና ትምህርት እንዳናስገባ የሚመክር ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ብዙ ወላጅ ተቀባብሎታል። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው። የዲግሪ ነርስ በ11,500 ብር ትጀምራለች፣ እዚያው ትቀራለች። ሌቭል 4 (የቀድሞው ዲፕሎማ) እና ዲግሪ ልዩነት የላቸውም። ነርስ፣ አዋላጅ፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ ሁሉም አንድ ነው። ገንዘቡ ያለው ውጭ አገር ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ነርስ በዓመት 93,600 ዶላር ታገኛለች። ስለዚህ ለአራት ዓመት ትምህርት የሚወጣው ብር ባጃጅ ወይም ሱቅ ቢገዛበት ይሻላል።

ከጸሐፊው ጋር የሚያጣላኝ ነገር የለም። ንዴቱ ንዴቴ ነው። በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል 16 ዓመት ሠርቻለሁ። የጤና ባለሙያ ምን ያህል እንደተጎዳ በራሴ ኪስ አውቀዋለሁ። ግን ስሌቱ ከተሳሳተ ምክሩም ይሳሳታል። በተሳሳተ ምክር የምትጎዳው ደግሞ የጋሼ ልጅ ናት። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ 11,500 ብሩን እናንሣ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንደሚል ተነግሯል። ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ሆኗል። የሥራ መደቡ ደረጃ ከፍ ሲል መነሻውም ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ግን ከ11,500 ብር ደመወዝ እጅ ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ጉዳታችንን እንኳን አሳንሶታል።

ለጋሼ በልጃቸው ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ሠራሁላቸው። በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 ከመቶ ይቆረጥበታል፤ 300 ብር። እስከ 7,000 ያለው 20 ከመቶ፤ 600 ብር። እስከ 10,000 ያለው 25 ከመቶ፤ 750 ብር። የቀረው 1,500 ደግሞ 30 ከመቶ፤ 450 ብር። ግብሩ ብቻ 2,100 መጣ። ለጡረታ 7 ከመቶ፣ 805 ብር። ይኼ ሁሉ ሲነሣ 8,595 ብር ይቀራል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ቁጥሩን ደግመው አዩት። "የቤት ኪራዩስ?" አሉኝ። የቤት ኪራዩም ከዚችው ነው። ምሳውም፣ ታክሲውም፣ ለእናት የሚላከውም። የወጪ መጋራት ዕዳውም ከኋላ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። መንዝ ላይ ሰው ደመወዝን በበግ ነው የሚለካው። እኔ በ2002 ዓ.ም. በዲፕሎማ ስቀጠር ደመወዜ ከሺህ ብር ብዙም አይርቅም ነበር። በመጀመሪያው ወር መሐል ሜዳ ገበያ ወርጄ ለእናቴ አንዲት እናት በግ ገዛሁላት። በጓን ገዝቼም ለቤት ኪራይና ለወሩ አስቤዛ የሚበቃ ተረፈኝ። ዛሬ የአንድ ጀማሪ ነርስ የወር ደመወዝ ደህና በግ ከገዛ እሰየው ነው፤ ለአስቤዛ የሚተርፍ የለም። ብሩ በወረቀት ላይ ስንት እጥፍ አደገ፣ በበግ ሲለካ ግን ወደ ኋላ ሄደ። የሚመለከተው አካል ደመወዝ ጨመርን ሲል ይህችን የበግ ሒሳብ ቢሠራት ደስ ይለኝ ነበር።

እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የምንለያየው ነርስ በጀመረችበት ትቀራለች ሲል ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ደብዳቤ የተቀጠርን አምስት ነርሶች ነበርን። አምስታችንም ዲፕሎማ ነበረን፣ ደመወዛችን በሳንቲም አይለያይም ነበር። ዛሬ አንዷ እዚያው ጤና ጣቢያ ናት፣ ደረጃዋ በሥራ ልምድ ብቻ ነው ያደገው። አንዱ እየሠራ ዲግሪ፣ ቀጥሎ ማስተርስ ያዘና ኮሌጅ ያስተምራል። አንዷ አዲስ አበባ በአንድ የእናቶች ጤና ፕሮጀክት ውስጥ ትሠራለች፤ ደመወዟን ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። አንዱ ሙያውን ትቶ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም ይነግዳል። እኔ ዲግሪዬን በ2010 ዓ.ም. ጨርሼ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ፣ አሁን ድንገተኛ ክፍል ፈረቃ አስተባብራለሁ። አምስት ሰው፣ አንድ መነሻ፣ አምስት ዓይነት ኑሮ። ታዲያ ከእነዚህ የትኛው ነው የነርስ ደመወዝ? ጸሐፊው የመጀመሪያዋን ቀን ፎቶ አንሥቶ የሕይወት ዘመን ገቢ ብሎ አቀረበልን።

ስለ ዲውቲ ደግሞ አንዲት መስመር አልጻፈም። ይህ ነገር በጣም ገርሞኛል። የሆስፒታል ነርስ ኑሮ ያለ ዲውቲ አይሰላም። ሌሊቱ፣ ቅዳሜና እሑዱ፣ በዓሉ በሰዓት እየታሰበ ለብቻው ይከፈላል። ዲውቲ የሚበዛበት ክፍል ያለች ነርስና ከሁለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ የምትሠራ ነርስ የወር ገቢያቸው አንድ አይሆንም። ድንገተኛ፣ ማዋለጃ፣ ጽኑ ሕሙማን፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያሉት ይህን ያውቁታል።

ችግሩ ክፍያው ማነሱ ብቻ አይደለም። መዘግየቱም ነው። አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ጥር ነው። ያን ጊዜ መንዝ ውስጥ ስሙን በማልጠቅሰው ጤና ጣቢያ ነኝ። መንዝን በጥር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደጅ ያደረ ውኃ ጠዋት በረዶ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሾቹ ጮኹ። ስወጣ ስምንት ሰዎች አንዲት ወላድ በቃሬዛ ተሸክመው ግቢው በር ላይ ቆመዋል። ከማታ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሲጓዙ ነው ያደሩት። የወንዶቹ ጋቢ ጫፍ በውርጭ ደርቋል። መብራት የለም፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። ጋቢዬን በጋውኔ ላይ ደርቤ፣ ባትሪውን ለአማቷ አስይዤ አዋለድኳት። ደሟ አልቆም ብሎ እስኪነጋ ሆዷን እያሸሁ፣ መርፌ እየጨመርኩ ተቀመጥኩ። ሲነጋ ቆመ። ልጁ ወንድ ነበር። የዚያ ሌሊት ዲውቲ የተከፈለኝ ነሐሴ ላይ ነው። ሰባት ወር። የተከፈለኝም ከሌሎቹ ሌሊቶች ጋር ተደባልቆ ስለሆነ ለየትኛው ሌሊት ስንት እንደደረሰኝ እስከዛሬ አላውቅም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ጥያቄያቸውን በይፋ ሲያሰሙ፣ በከፊልም ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ፣ ከደመወዙ ጎን የተነሣው ይኸው የትርፍ ሰዓት ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ስለ ነርስ ገቢ የሚጽፍ ሰው ዲውቲን መዝለል የለበትም። ገቢ ነው፣ መቆጠር አለበት። በሰዓቱ ያልተከፈለ ዕዳ ነው፣ ይህም መቆጠር አለበት።

ማታ ማታ የግል ክሊኒክ የሚሠሩም አሉ። እኔም ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ቀን መንግሥት ቤት፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ክሊኒክ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ደግሞ ዲውቲ። የቤት ኪራይ ጭንቀቴ ቀለለ። ከዚያ አንድ ሌሊት የአንድ ሕፃን ጉሉኮስ እያስተካከልኩ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጠብታው ፈጥኖ ነበር። የሕፃኑ አያት ነበሩ "ልጄ፣ ይኼ ነገር በዛ መሰለኝ" ብለው የቀሰቀሱኝ። ሕፃኑ ደህና ሆነ። እኔ ግን ክሊኒኩን በወሩ ለቀቅኩ። ስለዚህ "በግል እየሠራች ደመወዟን ትደግፋለች" የሚል ሰው ይህንንም አብሮ ይቁጠር።

ሌቭል 4 እና ዲግሪ ልዩነት የላቸውም ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። አላቸው። መነሻ ደመወዛቸው ይለያል፣ የሚመደቡበት መደብ ይለያል፣ ማስተርስ ያለ ዲግሪ የለም፣ ለውጭ አገር ሥራም ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ዲግሪው ነው። ግን አንድ ነገር ልናገር። ቤተሰቡ አቅም ለሌለው ልጅ ሌቭል 4 መጥፎ መነሻ አይደለም። የብቃት ምዘናውን አልፎ ከተቀጠረ እየሠራ መማር ይችላል። እኔ ያለፍኩት በዚያ ነው። ዲግሪዬን ስማር እንቅልፌን እንጂ ደመወዜን አላጣሁም።

ሁሉም የጤና ሙያ አንድ ነው የሚለው ግን ወላጅን በጣም የሚያሳስት ነው። መንግሥት ቤት መነሻው ይቀራረባል፤ ጸሐፊው ያየው ይህን ብቻ ነው። ከመንግሥት ቤት አንድ እርምጃ ውጡ፣ ነገሩ ይለያያል።

ፋርማሲን ውሰዱ። ዲግሪው አምስት ዓመት ነው፣ አንድ ዓመት ይረዝማል። ግን ፋርማሲ ለመክፈት ፈቃድ ያለው ባለሙያ የግድ ነው። ባለሀብቱ ገንዘብ ቢኖረው እንኳን ባለሙያ ፈልጎ መቅጠር አለበት። በየከተማው ስንት መድኃኒት ቤት እንዳለ ቁጠሩ። ከደብረ ብርሃን አደባባይ ተነሥታችሁ ሃያ ደቂቃ በእግር ብትሄዱ ይበቃችኋል።

ላብራቶሪም እንዲሁ ነው። ያለ ላብራቶሪ የሚሠራ ደህና ክሊኒክ የለም። ቆላው አካባቢ፣ ሸዋ ሮቢትና አካባቢው፣ ወባ በሚበዛበት ወቅት የላብራቶሪው ሰልፍ ከካርድ ክፍሉ ይረዝማል። ማይክሮስኮፕ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ብዙ አይቆይም።

የሰመመን ባለሙያ ደግሞ ሌላ ነው። ያለ እሱ ቀዶ ሕክምና የለም። አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሐኪም ኖሮት የሰመመን ባለሙያ ከሌለው በሽተኛውን ወደ ሌላ ይልካል። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ የመደራደር አቅም አላቸው። ራጅም፣ ፊዚዮቴራፒም የሚማራቸው ጥቂት ነው። ፊዚዮቴራፒን ብዙ ወላጅ ስሙንም አያውቀውም። የመኪና አደጋና ስትሮክ በበዛበት በዚህ ዘመን የሚያስፈልገው ሰው ግን በየቤቱ ተኝቷል።

አዋላጅነት ክቡር ሙያ ነው፣ ሥራው ግን በአብዛኛው መንግሥት ቤት ነው። በግል የሚቀጠርበት ዕድል ከሌሎቹ ይጠባል። ነርሲንግ ደግሞ ከሁሉም ሰፊ ነው። ሆስፒታሉ፣ ጤና ጣቢያው፣ ክሊኒኩ፣ ፋብሪካው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፕሮጀክቱ፣ ሁሉም ነርስ ይቀጥራል። የሚመረቀውም ግን ከሁሉም ይበዛል።

ይህ ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ ወዳላነሣው ነገር ይወስደኛል። ለእኔ የጉዳዩ ዋና ነገር ይህ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የጤና ምሩቅን በጣም የሚጎዳው የደመወዙ ማነስ አይደለም። ተመርቆ ሳይቀጠር የሚያልፈው ጊዜ ነው።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ ብቻ ስንት የጤና ተማሪ እንዳለ አስቡት። በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው የዩኒቨርሲቲው ጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ። የጤና ሳይንስ ኮሌጁ አለ። የግል ኮሌጆች አሉ። ሁሉም በየዓመቱ ያስመርቃሉ። ወረዳው ግን የሚቀጥረው በጀቱ የፈቀደለትን ያህል ነው። ባለፈው አንድ ቀን ከዲውቲ ስወጣ የቅጥር ማስታወቂያ የተለጠፈበት ግቢ አጠገብ አለፍኩ። የተፈለገው ሦስት ነርስ ነው። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱን ይዟል። ብዙዎቹ ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። አንዷን አውቃታለሁ፣ ለተግባር ልምምድ የወጣችው እኔ ጋ ነው። "ሲስተር፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ" አለችኝ።

ሁለት ዓመት በገንዘብ ስንት ነው? 8,595 ብርን በ24 ወር አባዙት። 206,280 ብር ይመጣል። እጇ ላይ መግባት ሲገባው ያልገባ ማለት ነው። በዚህ ላይ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ አጣች። የደረጃ ዕድገቷ በሁለት ዓመት ዘገየ፣ ማስተርሷም በሁለት ዓመት ዘገየ። እጇም ሙያውን እየረሳ ነው። በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋና ቅጥር ሲቆም ደግሞ ጊዜው ይረዝማል።

ፈተናውም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃድ ፈተና ተጀምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶና በላይ አምጥቶ ማለፍ አለበት። ፈተናውን ያላለፈ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ነርስ ተብሎ አይቀጠርም። ወላጆች፣ ለግል ኮሌጅ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ኮሌጁ ለዚያ የትምህርት ክፍል ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና አለው ወይ? ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት ልጆቹ ስንቱ አለፉ? ሕንፃው ማማሩን ተዉት። ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ የሚሄዱበትን ሆስፒታልም ጠይቁ። ማኔኪን በሚባለው የልምምድ አሻንጉሊት ላይ ብቻ ተምሮ የመጣ ልጅ በሽተኛ ፊት እጁ ሲንቀጠቀጥ በየጊዜው አያለሁ፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። 93,600 ዶላር የሚለው ቁጥር ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ለሬጅስተርድ ነርሶች (ሙሉ የሙያ ፈቃድ ላላቸው ነርሶች) ያወጣው የዓመት ደመወዝ ነው። መካከለኛው ማለት ነው፤ ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ። ከታች ያሉት አሥር ከመቶዎቹ ከ66,030 ዶላር ያነሰ ነው የሚያገኙት። ከላይ ያሉት አሥር ከመቶ ከ135,320 ይበልጣሉ። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ ሠራተኛ በጠቅላላ መካከለኛ ደመወዙ 49,500 ዶላር ነበር። ስለዚህ ነርስነት እዚያ እውነትም ደህና ገቢ ያስገኛል።

የጸሐፊው ስሕተት ቁጥሩን አንሥቶ በብር ማባዛቱ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲያልፍ የአሜሪካዋ ነርስ ሀብታም አልሆነችም። የቤት ኪራይዋ በዶላር ነው፣ ግብሯም፣ የልጅ ማዋያዋም። በብር ያባዛነው እኛ ነን፣ እሷ አትመነዝረውም።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ከዚህ ሄዳ እዚያ ሬጅስተርድ ነርስ ለመባል ትምህርቷ ይገመገማል፣ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፣ ኤንክሌክስ የሚባለው የሙያ ፈተና አለ። እስከዚያ ዲግሪዋ ሻንጣ ውስጥ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ዲቪ ደርሷት ሄደች። ስምንት ዓመት ልምድ ያላት፣ ደም ሥር የጠፋበት ሕፃን ሲመጣ የምንጠራት ነርስ ነበረች። እዚያ የጀመረችው በነርሲንግ አሲስታንትነት ነው። አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። የዚህ ሥራ መካከለኛ ክፍያ በዚያው ዓመት 39,530 ዶላር ነበር። ከሬጅስተርድ ነርሷ ግማሹን እንኳን አይሞላም። ፈተናውን ያለፈችው በአራተኛው ዓመቷ ነው። ባለፈችበት ሌሊት በቴሌግራም ደውላልኝ ሁለታችንም ስናለቅስ ካርድ አለቀብን። አሁን ደህና ናት። ግን ስለ እሷ ሲወራ አራቱን ዓመት የሚያነሣው የለም።

ሙያውም ሁሉ እዚያ አንድ አይደለም። የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያው 80,450፣ የላብራቶሪው 61,890 ዶላር ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ 101,020 ደርሷል፤ እዚያ ግን ፊዚዮቴራፒ ለመሥራት የዶክትሬት ዲግሪ ይጠይቃል። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትም ቢሆኑ በዳታፍሎው ማስረጃቸው ይጣራል፣ ፕሮሜትሪክ የሚባለውን የሙያ ፈተና ይፈተናሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃሉ። ልምዱ ከየት ይመጣል? ከዚሁ ነው። ጸሐፊው ከናቃት ከ8,595 ብሯ ሥራ ነው። እዚህ በር ሳይከፈትላት የአሜሪካን ደመወዝ ለልጅቷ መንገር ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የመጨረሻው ባጃጁና ሱቁ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተቆጥቻለሁ፣ አልደብቅም።

ጸሐፊው የአራት ዓመት የግል ኮሌጅ ክፍያን ደምሮ ይህ ብር ባጃጅ ይገዛል ይላል። ለግል ኮሌጅ መክፈል ለሚችል ቤተሰብ ይህ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው ልጅ ግን ብሩን በእጁ ይዞ አይደለም የሚገባው። በወጪ መጋራት ይማራል፣ ሠርቶ ይከፍላል። ከግሼ ወይም ከመራቤቴ ገጠር የመጣች ልጅ አባቷ ያለው ሁለት በሬና ጥቂት ጥማድ መሬት ነው። ለእሷ መንግሥት ትምህርት ያበድራታል። ባጃጅ በወጪ መጋራት የሚሰጣት ማን ነው? ሱቅ የሚከፍትላትስ? ያ ጽሑፍ ካፒታል ላለው ሰው የተጻፈ ምክር ነው። የሚያነቡት ግን የሌላቸው ናቸው።

ባጃጅ የሚያሽከረክሩ ዘመዶች አሉኝ። ቀን ሲቀናቸው ከእኔ ይበልጣሉ፣ እውነት ነው። ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ በተባለ ቀን፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ቤንዚን ሲጠፋ ግን ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ጸሐፊው የቀናውን ቀን ከነርስ ደካማ ወር ጋር አወዳደረ።

በፔሮል ላይ የማይታይ ገቢም አለ። ከእኔ 7 ከመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ መንግሥት ደግሞ 11 ከመቶ ይጨምርበታል። ከ11,500 ብር ላይ 1,265 ብር ማለት ነው፣ በየወሩ። የመንግሥት ሠራተኛ ስትወልድ የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ አላት፤ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ። ደመወዟ አይቋረጥም። በጀማሪ ነርስ ሒሳብ የአራት ወሩ 34,380 ብር ነው። የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ጉሊት ነው የሚነግዱት። ሁለተኛ ልጃቸውን የወለዱ ጊዜ አርባ ቀናቸው ሳይሞላ፣ በሃያኛው ቀን ጉሊት ተመልሰዋል። እሳቸው ቡናውን እየቀዱ ይህን ስንነጋገር ሰሙ። "አራት ወር ሙሉ እየተከፈላት ትተኛለች?" አሉ። አዎ አልኳቸው። ምንም አልጨመሩም፣ ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ትናንት ማታ ልጅቷ እራሷ መጣች። "ሲስተር፣ የትኛውን ላስቀድም?" አለችኝ። እኔ ልመርጥላት አልፈለግሁም። ከትምህርቱ ምን እንደምትወድ ጠየቅኳት። ማይክሮስኮፕ ላይ ስትሆን ሰዓቱ እንደሚያልፍባት ነገረችኝ። ደም ያስፈራታል ወይ አልኳት። "የሌላ ሰው አያስፈራኝም" አለች። ሌሊት መሥራት፣ ገጠር መመደብ፣ ተመርቆ መጠበቅ እንዳለ ሳልደብቅ ነገርኳት። ከዩኒቨርሲቲዋ ባለፈው ዓመት በየትምህርት ክፍሉ ስንት እንዳለፈ ጠይቃ መጥታ ነበር፤ በዚህ ኮርቻለሁ። ላብራቶሪን አንደኛ፣ ነርሲንግን ሁለተኛ፣ ፋርማሲን ሦስተኛ አደረገች።

ጋሼ እሑድ የሠራሁባትን ገጽ ከደብተሩ ቀደው በኪሳቸው ይዘዋታል። ዕድር ላይ ልጆቻቸው ምርጫ የሚሞሉ ሌሎች ሁለት አባቶች አሉ፣ ለእነሱ ሊያሳዩአት ነው። ሊወጡ ሲሉ ተመለሱና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጓት።

"ዲውቲውን አልጻፍሽበትም" አሉኝ።

ከ8,595 ሥር ጻፍኩላቸው። አጠገቡም "ሲከፈል" የሚል ጨመርኩበት።